የሳሳ አከርካሪ ሲሰበር፦ ያለ ቀዶ ሕክምና መታከም፣ ሲሚንቶ ወይስ ብሎን?

ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ጀሪካን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ጀርባቸው ቀጭ ይላል። አልወደቁም፣ የመታቸውም የለም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ከአልጋ መነሣት፣ መገላበጥ፣ ማሳል ሁሉ ስቃይ ይሆንባቸዋል። ራጅ ሲነሡ አንዱ አከርካሪ ከፊት በኩል ተጨፍልቆ የሽብልቅ ቅርጽ ይዞ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ጀርባና ወገብ የሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም 12ኛው የጀርባ ወይም 1ኛው የወገብ አከርካሪ ነው። ከላይ ያለው ጀርባ በጎድን አጥንቶች ስለታሰረ እምብዛም አይታጠፍም፤ ከታች ያለው ወገብ ይታጠፋል፤ ጫናው መገናኛው ላይ ያርፋል።

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ ሐኪም "ማስታገሻ ይውሰዱ፣ ቀስ በቀስ ይድናል" ይላል፤ ሌላው "ሲሚንቶ ይሞላ" ወይም "በብሎን ይታሰር" ይላል። ለሁለቱም ምክር የሚስማማ ታካሚ አለ። የእኛን አቋም ከወዲሁ ብንናገር፣ ነርቭ ካልተነካና አከርካሪው ከጸና አብዛኛው ታካሚ ያለ ቀዶ ሕክምና መጀመር አለበት። ሆኖም ማስታገሻ ይዞ ቤት መተኛት ሕክምና አይባልም። "ሞክረነው አልሠራም" ከሚባለው ውስጥ ብዙው በወጉ ያልተሰጠ ሕክምና ነው።

በእርግጥ የአጥንት መሳሳት ነው?

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ምርጫው መግባት አደገኛ ነው። በአገራችን አከርካሪ የሚያፈርሰው የአጥንት መሳሳት ብቻ አይደለም፤ የአከርካሪ ቲቢ፣ ካንሰርና ጥሬ ወተት ከሚጠጣበት ቤት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ያፈርሱታል። ቲቢ ብዙ ጊዜ ሁለት ጎረቤት አከርካሪዎችን በመካከላቸው ካለው ዲስክ ጋር ይበላል፣ አጠገባቸውም መግል ይቋጥራል፤ ሰውየው ለወራት ከስቶ፣ ሌሊት እያላበው ይቆያል። በአጥንት መሳሳት የተሰበረ አከርካሪ ግን ዲስኩ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሕመሙም የጀመረበት ቀን ይታወቃል። ካንሰር ደግሞ የአከርካሪውን የኋላ እግሮች (ከአከርካሪው አካል ወደ ኋላ የሚወጡትን ሁለት አጫጭር የአጥንት ምሰሶዎች) ይበላል፣ ከአጥንቱ ወጥቶም ዕጢ ይሠራል። ከ5ኛው የጀርባ አከርካሪ በላይ ያለ ነጠላ ስብራት፣ ሌሊት የሚብስና ጋደም ሲሉ የማይቀንስ ሕመም፣ ቀድሞ የጡት ወይም የፕሮስቴት ካንሰር የነበረበት ሰው፦ እነዚህን ሁሉ "እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ አይገባም።

ስለዚህ ቢያንስ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ)፣ የኩላሊት ምርመራና ካልሲየም ይታዩ፤ የደም ማነስ ወይም ከፍ ያለ ኢኤስአር ከተገኘ ማልቲፕል ማየሎማ የሚባለውን የመቅኔ ካንሰር የሚፈልግ የፕሮቲን ምርመራ ይጨመር። ኢንፌክሽን ያለበት አከርካሪ ውስጥ ሲሚንቶ መጨመር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስብራቱ አዲስ ነው ወይስ የቆየ የሚለው ነው። ራጅ ይህን ብቻውን አይነግርም። ስቲር በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ አዲስ ስብራት በውስጡ ፈሳሽ ስለሚቋጥር ነጭ ሆኖ ያበራል፤ የቆየው ከጎረቤቶቹ አይለይም። ሦስት የተጨፈለቁ አከርካሪዎች ባሉበት ጀርባ ላይ አሁን የሚያመው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይ ሳይታይ "ይህ ነው" ተብሎ ሲሚንቶ የተሞላለት ሰው የቆየ ስብራቱ ተሞልቶ አዲሱ እንዳመመው ሊቀር ይችላል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ስላላቸው ኤምአርአይ መግባት ለማይችሉ ሲቲ ስካንና የአጥንት ስካን ይተካሉ።

የአጥንት ጥግግት መለኪያው ዴክሳ በቅርብ ከሌለ ሕክምናውን ለማዘግየት ሰበብ አይሁን። ነጥቡ ከ2.5 አሉታዊ በታች መሆኑ ምርመራውን ያጠናክራል እንጂ፣ ሌላ በሽታ እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ በዕድሜ የገፋ ሰው አከርካሪ ያለ ከባድ አደጋ መሰበሩ ራሱ የአጥንት መሳሳት ማስረጃ ነው።

ምርጫ የሌለባቸው ሁኔታዎች

እግር መዛል ከጀመረ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ሽንት ከተዘጋ ወይም ሳያውቁት ካመለጠ ማወዳደር ይቆምና በዚያው ቀን የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ነው። የተሰበረው አጥንት ወደ ኋላ ገፍቶ ኅብለ ሰረሰርን ወይም የነርቭ ዘለላውን ተጭኖ ይሆናል፤ ሲሚንቶ ይህን አያነሣም። ጀርባቸው በበሽታ ምክንያት እንደ ቀርከሃ አንድ ወጥ ሆኖ የደረቀ ሰዎችም ትንሽ የምትመስል ስብራት ብትገኝባቸው በአስቸኳይ ይታዩ፤ ስንጥቋ ረጅም ግንድ ላይ እንዳለ ስብራት ትንቀሳቀሳለች፣ ነርቭም ትጎዳለች።

ያለ ቀዶ ሕክምና፦ በወጉ ሲሠራ

መጀመሪያ ሕመሙ መቀነስ አለበት፤ ካልቀነሰ ታካሚው አይንቀሳቀስም። ፓራሲታሞል "ሲያምዎ ይውሰዱ" ተብሎ ሳይሆን በሰዓቱ ይወሰድ፦ 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ። ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ወይም ጉበታቸው ለታመመ መጠኑ ይቀንሳል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይሠራሉ፣ ግን በአረጋውያን ላይ ጨጓራ ያደማሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ። በተለይ ለግፊት ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያበዛ እንክብል በሚወስዱ ሰዎች ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨመር ሦስቱ ተባብረው ኩላሊትን ሊያቆሙ ይችላሉ። ጀርባ የሚያመው አረጋዊ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በቂ ካልሆነ ትራማዶል ይጨመራል፤ በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ያድጋል። ያዞራል፤ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ መውደቅ ሌላ ስብራት ነው፤ ስለዚህ መብራት ይብራ፣ ሰው አብሮ ይነሣ። ሆድም ያደርቃል፤ ማማጥ የተሰበረውን አከርካሪ ስለሚጫን የሆድ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰጥ። በአፍንጫ የሚነፋው ካልሲቶኒን በሚገኝበት አገር በቀን 200 ዩኒት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲወሰድ የአዲስ ስብራትን ሕመም ይቀንሳል፤ ለቆየ ስብራት አይረዳም።

መኝታ ከ2 ወይም 3 ቀን አይለፍ። ተኝተው የሚውሉ አረጋውያን ጡንቻቸው በሳምንት ውስጥ ይሟሟል፤ የሳንባ ምች፣ የእግር ደም መርጋትና የመቀመጫ ቁስል ይከተላሉ፤ የሳሳው አጥንትም ሳይራመዱበት ይበልጥ ይሳሳል። ቤተሰብ ለእናት አዝኖ "አይነሡ፣ እኛ አለን" ሲል የሚያደርሰው ጉዳት ከስብራቱ ሊበልጥ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ በሦስተኛው ቀን ተደግፎ እስከ መጸዳጃ መሄድ፣ በሳምንቱ በቀን ብዙ ጊዜ አጭር አጭር እርምጃ መራመድ ይሞከር።

አነሣሡም ወግ አለው። በጀርባ ተኝተው ጉልበት ይታጠፍ፤ ትከሻና ዳሌ እኩል፣ ወገብ ሳይጠመዘዝ ወደ ጎን ይገልበጡ፤ እግሮች ከአልጋው ሲወርዱ በክንድ ተገፍቶ መቀመጥ። እጃቸውን ይዞ ከጀርባቸው ቀጥ አድርጎ መሳብ ወገቡን ያጥፈዋል፤ ስለዚህ አይደረግ።

በቤት ውስጥ አከርካሪን የሚጎዳው ወደ ፊት መታጠፍ ነው። ዝቅ ያለ በርጩማ በመደገፊያ ወንበር ይተካ። የመቀመጫ ሽንት ቤት ከሌለ መካከሉ የተበሳ ወንበር ቀዳዳው ላይ ይቀመጥ። ስግደት ለሦስት ወር ያህል ይቆይ፤ በክርስትናም በእስልምናም ለታመመ ሰው ተቀምጦ መጸለይ ስለሚፈቀድ ካህኑ ወይም ሼኩ ራሳቸው ቢነግሯቸው እናት በሰላም ይቀበላሉ። ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። እጅና እግር ላይ የለመደው እጅ የተጨፈለቀ አከርካሪ ላይ ሲጫን አጥንቱን ወደ ኅብለ ሰረሰር ሊገፋው ይችላል።

ስለ ቀበቶ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ለስላሳ የወገብ ቀበቶ የታችኛውን ወገብ ብቻ ይይዛል፤ 12ኛውን የጀርባ አከርካሪ አይደርስበትም። ለዚህ ስብራት የሚሆነው ከደረት አጥንት እስከ ዳሌ የሚደርስ፣ በደረት፣ በብሽሽት በላይና በጀርባ በሦስት ነጥብ ተጭኖ ወደ ፊት መታጠፍን የሚከለክል ድጋፍ ነው። ሲቀመጡና ሲቆሙ ይለበሳል፣ ሲተኙ ይወልቃል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቢበዛ 12። እውነቱን ለመናገር የድጋፉ ማስረጃ ጠንካራ አይደለም። አንዳንዱን ያሳርፋል፤ እጅግ የጎበጡና የከሱ ሰዎችን ግን ቆዳ ያቆስላል፣ መተንፈስና መብላት ይከለክላል። ካልተስማማ ያለ እሱም ይዳናል።

ሕመሙ ሲቀንስ ጀርባን ወደ ኋላ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በፊዚዮቴራፒስት ይጀመር፤ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላ ማቀራረብ የመጀመሪያው ነው። የእግር ጣት ለመንካት መታጠፍና ተኝቶ ከወገብ መነሣት አይፈቀዱም።

ክትትሉ የሚበላሸው በራጁ ነው። ተኝተው የተነሡት ራጅ አከርካሪውን ጫና ሳይኖርበት ስለሚያሳይ መጨፍለቁን ይደብቃል። ቆመው ወይም ተቀምጠው፣ ከጎን በኩል፣ በ1 ወይም 2 ሳምንት፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት ይነሡና ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ይታዩ። የብዙ ሰው ሕመም በ6 እና 12 ሳምንት መካከል በጣም ይረግባል። ቁመቱ በየጊዜው እየወረደ ወይም ሕመሙ በ3 ሳምንት ውስጥ ምንም ሳይቀንስ ከቀረ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ መሄድ ተገቢ ነው።

ሲሚንቶ

ቨርቴብሮፕላስቲ በ1984 በፈረንሳይ አሚየን ከተማ ተጀመረ። ታካሚው በሆዱ ይተኛል፤ በቀጥታ የራጅ ምስል እየታየ ወፍራም መርፌ በአከርካሪው የኋላ እግር በኩል ወደ አጥንቱ ውስጥ ይገባል፤ የጥርስ ሳሙና ያህል የወፈረ የአጥንት ሲሚንቶ በጀርባ ከ2 እስከ 4፣ በወገብ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሞላል። በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ይራመዳሉ። ካይፎፕላስቲ ደግሞ አስቀድሞ በአጥንቱ ውስጥ ትንሽ ፊኛ ነፍቶ ቦታ ይከፍታል፣ ከዚያ ወፈር ያለውን ሲሚንቶ በዝቅተኛ ግፊት ይሞላል። የወረደውን ቁመት በመጠኑ ይመልሳል፣ መፍሰሱም ያንሳል፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው፤ በሕመም ረገድ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አልታየም። ገንዘብ ከጠበበ ለፊኛው ሲባል መበደር አያስፈልግም።

ይሠራል ወይ? በ2009 የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ 131 ሌላው 78 ታካሚዎች ያሉት፣ ሲሚንቶ የተሞላላቸውን መርፌ ተወግተው ሲሚንቶ ካልተሞላላቸው ጋር አወዳድረው ልዩነት አላገኙም። በ2018 የወጣው 180 ታካሚዎች ያሉት ጥናትም እንዲሁ። በሌላ በኩል በ2016 የወጣው የአውስትራሊያ ጥናት ስብራታቸው ከ6 ሳምንት ያልበለጠና ሕመማቸው ከ10 ሲለካ 7ና ከዚያ በላይ የሆኑ 120 ሰዎችን ብቻ መርጦ ጥቅም አገኘ። በዚህ የተነሣ መመሪያዎቹም አይስማሙም፦ የአሜሪካ የአጥንት ሐኪሞች አካዳሚ በ2010 ቨርቴብሮፕላስቲን አጥብቆ ተቃወመ፤ የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2013 ማስታገሻ እየወሰዱም ከባድ ሕመም ላለባቸው፣ የሕመሙ ቦታ በምርመራና በምስል ለተረጋገጠላቸው ፈቀደ።

እኛ ከዚህ የምንረዳው ሲሚንቶ ለሁሉም ስብራት እንዳልሆነ፣ ሆኖም በጥብቅ ሲመረጥ የሚጠቅመው ሰው እንዳለ ነው። ይህ ሰው ስብራቱ አዲስ መሆኑ በኤምአርአይ የታየለት፣ ጀርባው ሲነካ የሚያመው በዚያው አከርካሪ ላይ የሆነ፣ በወጉ ታክሞ ቢያንስ 3 ሳምንት ያልተሻለው ወይም ከአልጋ መውረድ አቅቶት ሳንባው አደጋ ላይ የወደቀ ነው። አንድ ዓይነት ታካሚ ደግሞ በተለይ ይለያል። ከወራት በኋላም ሲቆሙ የሚያማቸው፣ ሲተኙ ወዲያው የሚተዋቸው፣ በምስል ላይ በአከርካሪው ውስጥ ባዶ ስንጥቅ የሚታይባቸው ሰዎች አጥንታቸው መያያዝ አቅቶታል፤ ኩመል ይባላል። ለእነዚህ መጠበቅ አይጠቅምም፣ ሲሚንቶ ግን ብዙ ጊዜ ይረዳቸዋል።

የሚበላሸው ምንድን ነው? ሲሚንቶ ይፈሳል። በሲቲ ስካን ሲታይ መፍሰሱ የተለመደ ነው፣ አብዛኛው ምንም አያደርግም። ሳይወፍር የተገፋ ሲሚንቶ ግን ወደ ነርቭ ቦይ ወይም በደም ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ የነርቭ ጉዳት ያስከትላል፣ አልፎ አልፎም ይገድላል። ስለዚህ የኋላው የአከርካሪ ግድግዳ ተሰብሮ ወደ ቦይው የገፋ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ወደ ዲስክ የፈሰሰ ሲሚንቶ ቀጥሎ ያለውን አከርካሪ ይወጋዋል። የከሱ ሴቶች በሆድ ሲተኙ ጎድናቸው የሚሰበርበት ጊዜም አለ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒቱ ከሐኪም ጋር ሳይስተካከል አይገቡም።

ብሎን

የሳሳ አጥንት ላይ የገባ ብሎን ምስጥ በበላው እንጨት ላይ እንደተመታ ምስማር ነው፤ ይነቀላል። ለዚህ ሲባል ሐኪሞች ከስብራቱ በላይና በታች ሁለት ሁለት አከርካሪዎችን ይይዛሉ፣ ብሎኑን በሲሚንቶ ያጸኑታል። ያም ሆኖ ከብረቱ ጫፍ በላይ ያለው አከርካሪ መሰበሩና ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ማስፈለጉ የታወቀ ችግር ነው። ሙሉ ማደንዘዣ፣ የደም መፍሰስና የቁስል ኢንፌክሽን ለ80 ዓመት ልብና ሳንባ ቀላል አይደሉም። ስለዚህ ይህ መንገድ ነርቭ ለተነካ፣ አከርካሪው ሙሉ በሙሉ ለፈራረሰና ላልጸና፣ ወይም ጉብጠቱ በየሳምንቱ ለሚጨምር ነው።

ውሳኔው በስሜት እንዳይሆን የጀርመን የአከርካሪ ሐኪሞች ያወጡት የኦኤፍ (በእንግሊዝኛ የሳሳ አጥንት ስብራት ምሕጻር) ነጥብ ይረዳል። ስብራቱ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠውና በ2 ይባዛል፤ 1 ቅርጹ ያልተለወጠ በኤምአርአይ ብቻ የሚታይ፣ 2 የኋላ ግድግዳውን ያልነካ ወይም በጥቂቱ የነካ፣ 3 የኋላ ግድግዳውን በግልጽ የነካ፣ 4 የአከርካሪው አካል የፈረሰ፣ 5 የተለያየ ወይም የዞረ ነው። ዴክሳ ከ3 አሉታዊ በታች ከሆነ 1 ይደመራል። መጨፍለቁ እየቀጠለ ከሆነ 1 ይደመራል፣ ካልሆነ 1 ይቀነሳል። ማስታገሻ ተወስዶም ሕመሙ ከ10 ሲለካ 4ና በላይ ከሆነ 1 ይደመራል፣ ካነሰ ይቀነሳል። መራመድ ካልቻሉ 1 ይደመራል፣ ከቻሉ ይቀነሳል። የነርቭ ምልክት 2 ይደምራል። የመርሳት በሽታ፣ ከባድ የውስጥ ደዌ፣ ደም ማቅጠኛና የመሳሰሉት እያንዳንዳቸው 1፣ ቢበዛ 2 ይቀንሳሉ። እስከ 5 ያለ ቀዶ ሕክምና፣ 6 ሁለቱም ይቻላል፣ ከ6 በላይ ቀዶ ሕክምና።

ከላይ ያነሣናቸውን እናት እንውሰድ። ደረጃ 2 ስብራት 4 ነጥብ፤ መጨፍለቁ አልቀጠለም፣ 3፤ ሕመሙ 7 ነው፣ 4፤ በማስታገሻ ይራመዳሉ፣ 3። ያለ ቀዶ ሕክምና ይቀጥላሉ። በ3ኛው ሳምንት ቆመው ሲነሡ ስብራቱ ደረጃ 3 ሆኖ፣ እየወረደ፣ መራመድም አቅቷቸው ከተገኙ 6 ሲደመር 3፣ ማለትም 9 ይሆናል። ያኔ ሐሳብን መቀየር ይገባል።

በየትኛውም መንገድ የማይቀረው

ሲሚንቶም ብሎንም አጥንት አያጠነክሩም። አከርካሪያቸው ከተሰበረባቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ አከርካሪ ይሰበርባታል። ስለዚህ የአጥንት መድኃኒት ከሆስፒታል ሳይወጡ ይታዘዝ።

አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ለ30 ደቂቃ መተኛትም መብላትም የለም። በአምቦ ውኃ መዋጥ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን መድኃኒቱን ይይዘዋል። ከቡና ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው በግማሽ በላይ ይቀንሳል። በጾም ቀን ውኃ የማይቀምሱ እናቶች ዕለቱን ከጾም ውጭ ወዳለ ቀን፣ ለምሳሌ ወደ ማክሰኞ ያዙሩት፤ በረጅሞቹ አጽዋማት ግን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ቀጥ ብለው መቀመጥ ለማይችሉ ወይም ጉሮሯቸው ለሚያቃጥላቸው በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ 5 ሚሊግራም ይሻላል፤ የኩላሊት ማጣሪያ አቅም ከ35 በታች ከሆነ ግን አይሰጥም፣ ቫይታሚን ዲም አስቀድሞ ይሟላ። ዴኖሱማብ በየ6 ወሩ የሚወጋ ነው። ጊዜው ካለፈ አጥንቱ በፍጥነት ተመልሶ ይሳሳል፣ ብዙ አከርካሪም በአንድ ጊዜ ሊሰበር ይችላል፤ ከውጭ አገር በዘመድ የሚላክ ከሆነ ቀጣዩ መርፌ መምጣቱ ሳይረጋገጥ አይጀመር። ካልሲየም ከምግብ ጋር በቀን 1000 እስከ 1200 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ዲ 800 ዩኒት ይበቃል። ጤፍ ጥሩ ካልሲየም አለው፤ ወተት በማይበላበት ጾም ግን ጉድለቱን እንክብል ይሙላ።

ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ለሁለተኛ ሐኪም ሐሳብ የሚሄድ ሰው የኤምአርአዩን ሲዲ ራሱን ይያዝ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ቆመው የተነሡት ራጆች ከነቀናቸው፣ የክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ውጤት፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝርና ማስታገሻው በምን መጠን ለስንት ቀን እንደተወሰደ የተጻፈበት ወረቀት አብረው ይሂዱ። ሲሚንቶ ከተመከረ የትኛው አከርካሪ እንደሆነ፣ ስቲር ላይ ማብራቱን፣ የኋላ ግድግዳው ደኅና መሆኑንና ነርቭ ቢነካ በዚያው ሆስፒታል ከፍቶ የሚያነሣ ቀዶ ሐኪም መኖሩን ሳይጠይቁ አይፈርሙ።